የጠፋው የፍሬን መብራት

ቀዩ የፍሬን መብራት በራ፤ ከዚያም ጠፋ። ከጋሼ ሞተር ኋላ እየነዳሁ በዓይኔ ያየሁት ይህንን ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውንም ሁሉ አይቻለሁ፤ ሌሊት ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ግን አወዳደቃቸው ሳይሆን የዚያ መብራት መጥፋት ነው። ፍሬን ይዘው ነበር፤ በጊዜውም ይዘው ነበር። ታዲያ ለምን ለቀቁት?

ጋሼ የምላቸው የሥጋ ዘመዴ ስለሆኑ አይደለም። በዋሺንግተን ዙሪያ የምንኖር፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሞተር ይዘን ወደ ተራራው የምንወጣ ጥቂት ሐበሾች አለን፤ በዕድሜም በመንዳትም የሁላችን ታላቅ እሳቸው ናቸው። እኛ ብስክሌት ሳንለምድ እሳቸው ከድሬዳዋ ሐረር በሞተር ይመላለሱ ነበር። ስማቸው እንዳይነሣ ስለጠየቁኝ ጋሼ ብቻ እያልኩ እቀጥላለሁ።

መንገዱ በቨርጂኒያ ከስፐሪቪል ተነስቶ በፍሊንት ሂል በኩል ወደ ፍሮንት ሮያል የሚወስደው ቁጥር 522 ነው። የከብት ግጦሽና የዛፍ መስመር እየተፈራረቁ ያጅቡታል። የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል፣ ማለትም 88 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጋሼም ከዚያ በላይ አልሄዱም። ጊዜው የኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ፣ በእኛ የጥቅምት ማብቂያ ነበር። ለዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሯል።

አንዲት እንስት አጋዘን በቀኝ በኩል ከዛፎቹ መሐል ወጣች። አልቆመችም፣ አላመነታችም፤ ዘልላ አስፋልቱ ውስጥ ገባች። የጋሼ የፍሬን መብራት በራ። ሞተራቸው በፊቱ ደፋ፣ በኋላው ከፍ ሲል አየሁ፤ ፍሬኑ በደንብ እየሠራ ነበር። እንስቷ የመንገዱን አጋማሽ አልፋ ወደ ግራው መስመር ተሻገረች። በዚህ ጊዜ መብራቱ ጠፋና ሞተሩ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ። ጋሼ ከኋላዋ ሊያልፉ ነበር። ያን ጊዜ ነው አንገቱን ወደ መሬት ሰብሮ፣ ዱካዋን እያሸተተ የሚሮጥ ባለቀንድ ወንድ አጋዘን ከዚያው ከዛፎቹ መሐል ብቅ ያለው። ጋሼ በእሱም ኋላ ሊያልፉ ይበልጥ ወደ ቀኝ ዘነበሉ። አስፋልቱ አለቀ። የፊት ጎማቸው ከመንገዱ ዳር ጠጠር ላይ ሲወጣ ሞተሩ ከሥራቸው ሸሸ፤ እሳቸውም ቦዩ ውስጥ ወደቁ። ሁለቱ አጋዘኖች በግራ በኩል ያለውን አጥር ዘልለው ሄዱ። ጋሼ አንዳቸውንም አልነኳቸውም።

የትከሻቸው አጥንት ተሰበረ፤ አራት የጎን አጥንቶቻቸው ተሰነጠቁ። ሄልሜታቸው ከግንባሩ እስከ ጆሮው ድረስ ተፍቆ ነበር። በቨርጂኒያ ማንም ሞተረኛ ያለ ሄልሜት እንዳይነዳ ሕግ ያስገድዳል፤ ያንን የተፋቀ ሄልሜት በእጄ ይዤ ያየሁት እኔ ለዚህ ሕግ ያለኝን ምስጋና በቃል መግለጽ አልችልም። አምቡላንስ ስንጠብቅ ጋሼ እጄን ያዝ አድርገው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ራሳቸው አልነበረም።

«መታኋት እንዴ?»

«አልመቷትም፣ ጋሼ።»

«ተመስገን» አሉ።

በጅራቷ በኩል

ጥያቄዬን ለብዙ ቀናት በውስጤ ያዝኩት። የቆሰለን ሰው «ለምን እንዲህ አደረግህ» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ ታላቅን ደግሞ ከዚያም በላይ። ሆስፒታል ልጠይቃቸው በሄድኩበት አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ባለቤታቸው ቡና ሊያመጡ ወጣ ሲሉ አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ፍሬኑን ይዘውት ነበር። ለምን ለቀቁት?» አልኳቸው።

ግራ ተጋብተው አዩኝ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ጥያቄው ራሱ ነው ያስገረማቸው። «በጅራቷ በኩል ላልፍ ነዋ» አሉኝ። «ሌላ ምን ይደረጋል?»

ይህን ስሰማ ወንበሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ምክንያቱም ሌላ ምንም እንደማይደረግ እኔም አውቃለሁ። እኔም በዚያ ሕግ ነው ያደግኩት።

አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ባሌ ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። ከሮቤ ዲንሾ፣ ከዲንሾ አዳባ፣ በመሥሪያ ቤቱ ያማሃ ሞተር፣ የክትባት ሣጥን ከኋላዬ አስሬ ነበር የምመላለሰው። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን አንድ ነባር ባልደረባዬ ስለ ማርሽና ስለ ፍሪሲዮን ከመንገሩ በፊት የነገረኝ ስለ ከብት ነው። ከብት ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም፤ መንገድ ሲያቋርጥ ካየህ ፊቱን ለእሱ ተውለት፣ አንተ በጅራቱ በኩል እለፍ አለኝ። ለአህያም፣ ለበሬም፣ ለበግም ይሠራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሞተር የነዳ ሁሉ ይህንን ያውቃል፤ ማንም በመጽሐፍ አላስተማረውም፣ እጁ ነው የሚያውቀው።

ሆስፒታሉ ውስጥ ተቀምጬ ያሰብኩት ያ ሕግ ለምን እንደሚሠራ ነው። አህያዋ ከሰው ጋር ያደገች ናት፤ የሞተር ድምፅ አያስደነግጣትም። አካሄዷ የታወቀ ነው። ከኋላዋ ደግሞ እረኛ አለ። ዱላውን አንሥቶ «ሃይ!» የሚል፣ ከመንገድ የሚመልሳት፣ እሱን አይቼ ከብት እንዳለ አስቀድሜ የማውቅበት ልጅ አለ። ከሁሉም በላይ መንገዱ ራሱ ዘገም ያለ ነው፤ ሰውም ከብትም ጋሪም ስለሚጋሩት ማንም በ88 ኪሎ ሜትር አይበርበትም። ዲንሾ አጠገብ አስፋልቱ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ በሚያልፍበት በጋይሳይ ሜዳ፣ ወደ ማታ ደጋ አጋዘኖች ከመንገዱ ዳር ሲግጡ አያቸው ነበር። ቀና ብለው ያዩኛል፣ አያቸዋለሁ። አደጋ ናቸው ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ምክንያቱም ለላሙና ለልጁ ብዬ ቀድሞውኑ ቀስ ብያለሁ።

የቨርጂኒያ አጋዘን ከእነዚህ ነገሮች አንዱም የላትም። እረኛ የላትም፣ የምትገባበት በረት የለም፣ የምትመጣበትን የሚያሳይ ልጅ የለም። የተሰመረ አካሄድም የላትም፤ መንገዱን አጋምሳ ልትመለስ ትችላለች። ጋሼ የተማሩት ትክክለኛ ትምህርት ነው፤ ለዓመታት አድኗቸዋል። ነገር ግን ለሌላ እንስሳ፣ ለሌላ ፍጥነት፣ ለሌላ አገር የተቀመመ ትምህርት ነው። ይህንን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝም ይኸው ነው፤ በስደት አገር ሞተር ከምንነዳው ብዙዎቻችን እጅ ውስጥ ያ ሕግ አሁንም አለ።

ከኋላ የሚመጣው

እዚህ ያለው አጋዘን ነጭ ጅራት የሚባለው ነው። ሲደነግጥ ጅራቱን ወደ ላይ ያነሣና የሥሩ ነጭ ጸጉር ቦግ ብሎ ይታያል፤ የቤተሰቡ አባላትም እርስ በርስ ተከታትለው ይሮጣሉ። እናት ከቀደመች ግልገሎቿ ከኋላ አሉ። ስለዚህ መንገድ ስታቋርጥ ያየናት አጋዘን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዋ እንጂ ብቸኛዋ አይደለችም። በጅራቷ በኩል ያለው ቦታ ለአህያ ባዶ ቦታ ነው። ለአጋዘን ግን የሚቀጥለው የሚመጣበት በር ነው።

ኖቬምበር ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ከኦክቶበር አንሥቶ እስከ ዲሴምበር የሚዘልቅ የመጠቃት፣ ማለትም የመራቢያ ወቅታቸው ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ይጋጋላል። ወንዱ መብላት ይረሳል፣ ቀንና ሌሊት አይለይም፣ አፍንጫውን መሬት አስነክቶ የእንስቷን ዱካ ይከተላል። በሥራዬ ኮርማ በዚህ ሁኔታ ሲሆን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ አጥር አያቆመውም፣ ዱላ አይሰማውም። በዚያ ምሽት ከዛፎቹ መሐል የወጣው ወንድ አጋዘን መንገዱንም፣ ሞተሩንም፣ መብራቱንም ያየ አይመስለኝም። ያየው እሷን ብቻ ነው። ሌላው ክፉ ወቅት የፀደዩ ነው፤ በሜይና በጁን እናቶች አዲስ ሲወልዱ የአምናውን ግልገል ያባርሩታል፤ እሱም አገሩን ሳያውቅ መንገድ ለመንገድ ይባዝናል።

አጋዘን ብርሃን ሲበራበት ለምን ደርቆ እንደሚቆም ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ዓይኑ ለጨለማ የተሠራ ነው። ብሌኑ በሰፊው ይከፈታል፤ ከኋላም እንደ ድመት ዓይን ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለው፤ ሌሊት ዓይኖቹ የሚያበሩት ለዚህ ነው። በዚያ በተከፈተ ዓይን ላይ የሞተር ረጅም መብራት ሲያርፍበት ማየት ያቆማል። የማያይ እንስሳ ደግሞ እስኪገባው ይቆማል፤ ሲገባው ወይም ሲፈራ ባገኘው አቅጣጫ ይፈናጠራል። ዓይኖቹ ከጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ዙሪያውን አብዛኛውን ያያል፤ ከሁሉም በላይ የሚሸሸው ግን የሚንቀሳቀስን ነገር ነው። ተኩላን በማምለጥ የተካነ ፍጡር በሰከንድ 24 ሜትር የሚመጣ ነገር ስሌት ውስጥ አይገባለትም።

ብዛታቸውም ቢሆን የሰው ሥራ ውጤት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በዚህ አገር አጋዘን በአደን ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ በሸናንዶዋ ተራሮችም ጠፍቶ በ1930ዎቹ ከሌላ ቦታ አምጥተው መልሰው ለቀቁት። ተኩላውን ግን ቀድመው ጨርሰውት ነበር። ዛሬ በአገሪቱ 30 ሚሊዮን አካባቢ አጋዘን አለ ተብሎ ይገመታል። በ2021 የታተመ የዊስኮንሲን ጥናት ተኩላዎች በተመለሱባቸው አውራጃዎች አጋዘንና ተሽከርካሪ የሚጋጩበት አደጋ በ24 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ተኩላዎቹ አጋዘኖቹን ስለበሉ ብቻ አይደለም። ተኩላ እንደኛው በመንገድና በተጠረገ መስመር መሄድ ስለሚወድ አጋዘኖቹ ከዚያ አካባቢ መራቅን ተማሩ። ይህንን ሳነብ ለረጅም ጊዜ አሰብኩበት። ለካ እረኛ ነበራቸው።

ቀጥ ብሎ መያዝ

የአሜሪካው ክረምት ሲያልቅ ልምድ ላላቸው ሞተረኞች የሚሰጥ የአንድ ቀን ሥልጠና ገባሁ። አሠልጣኙ ጸጉራቸው የሸበተ አሜሪካዊ ናቸው። የጋሼን ታሪክ ስነግራቸው አላቋረጡኝም። ስጨርስ ያሉኝ እንዲህ ነው፦ ሞተርህን ቀጥ አድርገህ፣ ሁለቱንም ፍሬን ይዘህ፣ እስከ መጨረሻው አትልቀቅ። ብትደርስበት እንኳ ቀጥ እንዳልክና ፍጥነትህን እንደቀነስክ ድረስበት። ለትልቅ እንስሳ መሪ አታዙር።

በቃል ቀላል ነው። ምክንያቱን ግን ቁጥር ይዤ ስቀመጥ ነው በደንብ የገባኝ። ሰው አደጋ አይቶ እጁ ፍሬን እስኪጨብጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል እንበል። በ88 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በዚያ ጊዜ ውስጥ ፍሬን ሳይነካ 37 ሜትር ይጓዛል። አጋዘኗ የወጣችው 60 ሜትር ላይ ከሆነ ለፍሬን የሚተርፈው 23 ሜትር ብቻ ነው፤ በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ፍሬን እንኳ እሷ ዘንድ ሲደርስ ገና ወደ 60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አለው። ያው ሰው በ45 ማይል፣ ማለትም በ72 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ግን ከመድረሱ በፊት ይቆማል። የአሥር ማይል ልዩነት በቤት መድረሻ ሰዓት ላይ የሚጨምረው ጥቂት ደቂቃ ነው። ሌሊት አጭር መብራት አፈር የመሰለ ቀለም ያለውን እንስሳ ለይቶ የሚያሳየው ደግሞ ከዚሁ ከ60 ሜትር እምብዛም አይርቅም።

መሪ ማዞር ለምን እንደሚጥል የገባኝ ቀጥሎ ነው። ጎማ መሬቱን የሚጨብጥበት አቅም የተወሰነ ነው። ያንን አቅም ለማቆም ከተጠቀምንበት ለመታጠፍ አይተርፍም፤ መታጠፍ ከፈለግን ፍሬኑን መልቀቅ አለብን። ጋሼ እንደ አዋቂ ሞተረኛ ትክክለኛውን ነገር አደረጉ፤ ሊታጠፉ ስለነበር ፍሬኑን ለቀቁ። ቀዩ መብራት የጠፋው ለዚህ ነው። መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት ግን ሞተራቸው ፍጥነት መቀነሱን አቆመ። ለማዳን ያሰቡት አንድ ነገር ነበር፤ ያጡት ሌላ ነገር ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ?

በአሜሪካ ከእንስሳ ጋር በተያያዘ የመንገድ አደጋ በየዓመቱ 200 ገደማ ሰው ይሞታል፤ ሞተረኞች ከመንገዱ ተጠቃሚ ያላቸው ድርሻ ትንሽ ሆኖ ሳለ ከሟቾቹ መሐል ግን ብዙ ናቸው። የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋም የሚባለው በ2004 ይፋ ያደረገው ጥናት በዘጠኝ ግዛቶች የደረሱ 147 ገዳይ አደጋዎችን መርምሮ ነበር። ከአራቱ ሦስት ያህሉ ከአጋዘን ጋር የተያያዙ ናቸው። ብዙዎቹን የገደላቸው እንስሳው አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ከሞተር መውደቅ ወይም ከመንገድ መውጣት ነው። ከሞቱት ሞተረኞች 65 በመቶው ሄልሜት አላደረጉም። ይኸው ተቋም ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን፣ ኤቢኤስ፣ ያላቸው ሞተሮች በገዳይ አደጋ ውስጥ የመገኘት መጠናቸው 22 በመቶ ያነሰ መሆኑን አግኝቷል። አውሮፓ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞተሮች ይህንን ፍሬን ከ2016 ጀምሮ ግዴታ አድርጋለች፤ አሜሪካ እስካሁን አላደረገችም። ይህ በእውነት ያሳዝነኛል። በድንጋጤ ፍሬን የሚጨብጥ እጅ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ራሱ አይመርጥም፤ ኤቢኤስ ለዚያ እጅ ነው የተሠራው። በንፋስ እየጮኸ አጋዘን ያባርራል ተብሎ የሚሸጠውን ፉጨት ግን አትግዙ፤ የሞከሩት ተመራማሪዎች እንደሚሠራ አላረጋገጡም።

የኢንሹራንሱንም ጉዳይ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። እዚህ አገር በተለመደው አሠራር አጋዘን መምታትና ከአጋዘን ሸሽቶ መውደቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ከስርቆትና ከበረዶ ጋር በአንድ ሽፋን ይመደባል። ሁለተኛው እንደ ግጭት ይቆጠራል፤ የግጭት ሽፋን ያልገዛ ሰው ምንም አያገኝም። ጋሼ የገዙት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። እንስቷን ቢመቷት ኖሮ ሞተራቸው ይተካ ነበር፤ ስላዳኗት አልተተካም። ባለቤታቸው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው «ደግነቱን ነው ያስከፈሉት» አሉ። ውላችሁን አውጥታችሁ እዩት።

አሠልጣኙ በመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ደጋግመው አስያዙን። ቀጥ፣ ዓይን ወደ ሩቅ፣ ጉልበት በታንኩ ላይ ጠበቅ፣ ፍሬን መጀመሪያ ለስለስ ከዚያ ጠንከር። እንደገና። እንደገና። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በዚያች አንድ ሰከንድ ተኩል ውስጥ የሚወሰን አዲስ ውሳኔ የለም፤ እጅ የሚያደርገው የለመደውን ነው። የጋሼ እጅ የለመደው የድሬዳዋን አህያ ነበር። የእኔም የባሌን።

ሰዓቱ የዞረ ቀን

ከዚያ እሑድ ጋር የተያያዘ ሌላም ነገር አለ። በዚያው ሌሊት የአሜሪካ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደኋላ ተመልሶ ነበር። ቅዳሜ 12 ሰዓት አልፎ የጠለቀችው ፀሐይ እሑድ 11 ሰዓት እንዳለፈ ጠለቀች። እኛ ስፐሪቪል ቡና ጠጥተን ስንነሣ በሰዓታችን ሳምንት ሙሉ ከለመድነው ምንም አልዘገየንም። አጋዘኑ ግን ሰዓት የለውም፤ የሚወጣው ሲመሽና ሲነጋ ነው። መንገዱ ላይ የሚመጣው ሰው ነው የተቀየረው። ከሥራም ከጉዞም የሚመለሰው ሕዝብ በአንድ ሌሊት ተነሥቶ አጋዘኑ በሚወጣበት ሰዓት ላይ ይገባል፤ ያውም በመጠቃት ወቅታቸው መሐል። በ2022 የታተመ ጥናት ሰዓቱ ወደኋላ ከተመለሰ በኋላ ባለው ሳምንት አጋዘንና ተሽከርካሪ የሚጋጩበት አደጋ በ16 በመቶ እንደሚጨምር አስልቷል። ሰዓቱ ባይመለስ ኖሮ በየዓመቱ 33 ሰዎችና ከ36 ሺህ በላይ አጋዘኖች እንደሚተርፉም ገምቷል።

እኛ ቀኑን ከፀሐይ መውጣት ጀምረን የምንቆጥር ሰዎች ነን። አገራችን ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ይመሻል፤ ሰዓትና ጨለማ ተለያይተው አያውቁም። እዚህ ግን ይለያያሉ። ስልክ ላይ ያለው ቁጥር ምንም ቢል፣ በኦክቶበርና በኖቬምበር ሞተረኛ መጠየቅ ያለበት ፀሐይ ስንት ላይ ትጠልቃለች ብሎ ነው።

አጥሩ

መፍትሔ የለውም እንዳትሉኝ። እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ ከሻርለትስቪል ወደ ምዕራብ በሚሄደው አውራ ጎዳና 64 ላይ፣ የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ተመራማሪዎች ቀድሞ በነበሩ ሁለት መሻገሪያዎች፣ በአንድ የውኃ ማሳለፊያና በአንድ ድልድይ ዙሪያ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ከፍታ ያለው አጥር ዘረጉ። አጋዘኖቹ አጥሩን እየተከተሉ በመንገዱ ሥር መሻገር ለመዱ። ግጭቱ በአማካይ በ92 በመቶ ቀነሰ። አዲስ ድልድይ አልተሠራም፤ የነበረው ላይ አጥር ብቻ ነው የተጨመረው። እረኛ የሌለው እንስሳ አቅጣጫ የሚያሳየው ነገር ሲያገኝ ይማራል ማለት ነው። ይህንን ለማንበብ የቻልኩ የእንስሳት ሰው በመሆኔ ደስ ብሎኛል። እንደ 522 ያሉት የገጠር መንገዶች ግን በየቦታው የግል ቤትና የእርሻ መግቢያ ስላላቸው እንዲህ ዓይነት አጥር አይዘረጋባቸውም።

ጋሼ ድነዋል። ትከሻቸው ቅዝቃዜ ሲሆን ይቆረጥማቸዋል፤ ቢሆንም በፀደይ ኤቢኤስ ያለው ሞተር ገዝተው ተመልሰዋል። በነገሩ ግን እስካሁን አልተስማማንም። «ነፍስ ያለውን ፍጡር ፊት ለፊት ልሂድበት?» ይሉኛል። የሚያስጨንቃቸው ሕመሙ አይደለም፤ እውነተኛ የኅሊና ጥያቄ ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። የምመልስላቸው ይህንን ነው፦ ቀጥ ብሎ ፍሬን የሚይዝ ሰው ሊመታት አይሄድም፤ ለማለፍ የሚያስፈልጋትን ጊዜ እየሰጣት ነው። ለእሷም የሚሻላት እኛ ቀጥ ስንል ነው። በዚያ ምሽት ፍሬኑን ባይለቁት ኖሮ እንስቷ አልፋ ነበር፤ ወንዱም ከፊታቸው ባለፈ ነበር ብዬ አምናለሁ። ጋሼ ያዳምጡኛል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ «እጄን ቃል ላስገባው አልችልም» ይላሉ።

እጅ ቃል ባይገባም ይለማመዳል። ስለዚህ ዘንድሮ ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ገና ድረስ ጉዟችንን ከእሑድ ከሰዓት ወደ ቅዳሜ አዙረናል። የምንነሣው ፀሐይ በደንብ ከወጣች በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው፤ 9 ሰዓት ላይ ሁላችንም ቤታችን እንገባለን። በ522 ላይ ከ45 ማይል በላይ አንሄድም። ከመነሣታችን በፊት ያለውን ጊዜ በመኪና ማቆሚያው ሜዳ ላይ ፍሬን እንለማመድበታለን፤ ጋሼም ይለማመዳሉ፣ ባለቤታቸውም መጥተው ያያሉ። በአካባቢው ሆናችሁ ሞተር የምትነዱ ሁሉ ኑ። ጎማችሁንና ፍሬናችሁን አስፈትሹ፣ ሄልሜትና ጃኬት እንዳይቀር። ቡናውን እኛ እንይዛለን።